ለሚናገረው ግድግዳ ተጠያቂው ማን ነው?

በዛሬው ጊዜ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ወደ አንድ ባንክ የሚገባ ባለጉዳይ በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ዘበኛው ወይም መዝገብ ቤቱ አይደለም፤ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ የሚያበራው ስክሪን ነው። ስክሪኑ የመሥሪያ ቤቱን ዓርማ ያሳያል፤ የአገልግሎቱን ዓይነትና የመስኮቱን ቁጥር ይናገራል፤ ተራ ይጠራል፤ አንዳንድ ጊዜም በመካከሉ ያለፈውን ዓመት የበዓል መልካም ምኞት ይደግማል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህ ዕቃ በየቅርንጫፉና በየፎቁ እየበዛ ሄዷል። መብዛቱም የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ዕቃው በሚገዛበት ጊዜ ስለ ዋጋው፣ ስለ ስፋቱና ስለሚሰቀልበት ቦታ ብዙ ስብሰባ ሲደረግ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል። ይኸውም ይህ ግድግዳ ለሚናገረው ቃል ተጠያቂው ማን ነው? የሚለው ነው።

ጥያቄው ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አንድ ያየሁትን ነገር ልንገረው። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ከመስኮቱ ፊት ቆመው ነበር። ሌሊት ተነሥተው ከገጠር በአውቶቡስ የመጡት አንድ የጀመሩትን ጉዳይ ለመጨረስ ነው። በእጃቸው የቀበሌ መታወቂያ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና አንድ ደብዳቤ ይዘዋል። ባለፈው ሳምንት በመጡ ጊዜ አንድ ተማሪ ከግድግዳው ላይ ያነበበላቸው ይህንኑ ነበር። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ግን ወረቀቱን አይታ መለሰችላቸው።

«አባባ፣ አሁን የሚሠራው በፋይዳ ነው፤ የቀበሌው መታወቂያ ቀርቷል» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ግድግዳው እኮ የቀበሌውን አምጡ ይላል።»

«እሱ የድሮው ነው፣ አባባ።»

«የድሮ ከሆነ ታዲያ ለምን ዛሬም ይናገራል?»

ልጅቱ መልስ አልነበራትም። ሽማግሌው የሁለት ጊዜ የአውቶቡስ ዋጋና የአንድ ሌሊት የመኝታ ገንዘብ ከፍለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እኔም ነገሩ ስለከነከነኝ ስክሪኑ የማን እንደሆነ ጠየቅሁ። የአይቲ ክፍሉ «እኛ የሰቀልነው ዕቃውን ነው፤ ቃሉ የሚመጣው ከኮሙኒኬሽን ነው» አለኝ። ኮሙኒኬሽኑ «እኛ ጽሑፉን ከሰጠን ቆየን፤ የይለፍ ቃሉ በእኛ እጅ የለም» አለኝ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ስክሪኑን የገጠመው ነጋዴ ነው፤ እርሱም ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ ከዓመት በላይ ሆኖታል። እንግዲህ ያ ግድግዳ በመንግሥት ስም በየቀኑ ለብዙ መቶ ሰው ሲናገር ከቤቱ ሠራተኞች መካከል «ቃሉ የእኔ ነው» የሚል አንድ ሰው አልተገኘም።

አባቶቻችን አዋጅ ሲያስነግሩ ነጋሪት ያስመቱ ነበር። ሕዝቡ ነጋሪቱን ሰምቶ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪውም የማንን ቃል እንደሚናገር ለይቶ ያስታውቃል። የሰማ ሰው ቃሉ የማን እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደተነገረ ያውቅ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ሲጀምር ስሙን ከነጋሪቱ መውሰዱ፣ በየአዋጁም ላይ ቁጥርና ቀን መኖሩ ይህንኑ ልማድ ወደ ወረቀት ያሻገረ ነው። ከዚያም በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ነበረው። ማኅተም የሌለው ወረቀት ቢለጠፍ ባለጉዳዩ ራሱ ይጠረጥረው ነበር።

በወረቀቱ ላይ ሌላም አንድ ጥቅም ነበረ፤ ጥቅሙ የታወቀን ግን ከጠፋ በኋላ ነው። ወረቀት ሲያረጅ ይገረጣል፤ ጠርዙ ይጠቀለላል፤ አቧራም ይለብሳል። ስለዚህ አንባቢው ቀኑን ባያይ እንኳ ማስታወቂያው የቆየ መሆኑን ከመልኩ ይገምታል። ስክሪን ግን አይገረጣም። ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈው ቃል ዛሬ ጠዋት እንደተጻፈው ሁሉ ደምቆ ያበራል። ቁጥርና ማኅተም አስቀርተን፣ በመልኩም ዕድሜውን የማያሳይ ዕቃ ስንሰቅል ለባለጉዳዩ መጠርጠሪያ የሚሆን ምልክት አላስቀረንለትም። የችግሩ ሥር ይህ ነው።

ለመሆኑ ስክሪኑ የሚናገረውን ከየት ያገኛል? ሥራው በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው የምናየው ስክሪን ነው። ሁለተኛው ከጀርባው የሚሰካው ትንሽ ኮምፒዩተር ወይም ቦክስ ነው፤ ሥዕሉንና ጽሑፉን የሚያጫውተው እርሱ ነው። ሦስተኛው በማዕከል ተቀምጦ ለየቦክሱ ምን መቼ እንደሚታይ በኔትወርክ የሚያዝ ሶፍትዌር ነው። ይህን ሦስተኛውን ክፍል ያላዘጋጀ መሥሪያ ቤት አንድ ሠራተኛ ፍላሽ በኪሱ ይዞ ከፎቅ ወደ ፎቅ እንዲወጣና እንዲወርድ ያደርጋል። ስክሪኖቹ ሦስት ከሆኑ ይህ አያስቸግርም። ሠላሳ ሲሆኑ ግን ሠራተኛው ግማሹን አድርሶ ግማሹን ይረሳዋል፤ ያን ጊዜ የአንድ ቤት ሁለት ግድግዳዎች ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራሉ።

ስለዚህ ድርጅቱ ሰፊ ከሆነ ማዕከላዊው አሠራር የግድ ነው። ነገር ግን ማዕከል ሲኖር ጥፋቱም እንደዚያው እንደሚሰፋ ማወቅ ይገባል። በፍላሽ የተሠራ ስሕተት አንዱን ግድግዳ ያሳስታል፤ በማዕከል የተሠራ ስሕተት ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ መቶውን ያሳስታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ቃሉ በየከተማው ከታየ በኋላ ያነበበውን ሰው ሁሉ ፈልጎ ማረም አይቻልም።

ነገሩ በገንዘብ ሲመዘን ደግሞ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገበት ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ የአሜሪካ ዶላር መግዣ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ። ከዚያ በፊት ዋጋው በጥቂት በጥቂቱ ይነቃነቅ ስለነበር የትናንቱን ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ያወጣል፤ ዋጋውም ይለዋወጣል። ንግድ ባንክ ብቻውን ከ1 ሺህ 900 የሚበልጡ ቅርንጫፎች ያሉት ነው። ይህን በሚያህል ድርጅት ውስጥ በአንድ ሩቅ ከተማ ኔትወርክ ቢቋረጥና ቦክሱ የመጨረሻውን ዋጋ ይዞ ቢቀር ባለጉዳዩ በግድግዳው ላይ አንድ ዋጋ ያያል፤ በመስኮቱ ላይ ሌላ ዋጋ ይነገረዋል። ከውጭ አገር ከልጁ የተላከለትን ጥቂት መቶ ዶላር የሚመነዝር አባት ልዩነቱን የኔትወርክ ብልሽት ነው ብሎ አያስብም፤ ተታለልሁ ብሎ ይሄዳል።

በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል። ይህ ባለጉዳዩን ከብዙ እንግልት የሚያድን አሳብ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ የጋራ አዳራሽ በሚበዛበት ጊዜ የቃሉ ባለቤትነት ጥያቄም አብሮ ይበዛል። አንዱ መሥሪያ ቤት የሚጠይቀውን ሰነድ ቢለውጥ በጋራው ግድግዳ ላይ የሚለውጠው ራሱ ነው ወይስ የአዳራሹ አስተዳዳሪ? ይህ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተወሰነ ሁለቱም እርስ በርሳቸው እየተጠባበቁ አሮጌው ቃል ይቆያል።

በውጭ አገር የደረሰውን ብንመለከት ለእኛ የሚሆን ትምህርት አለበት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2016 በቬትናም፣ በሃኖይና በሆ ቺ ሚን ከተማ አውሮፕላን ማረፊያዎች የበረራ ሰዓት የሚያሳዩት ስክሪኖች በሰርጎ ገቦች ተይዘው በደቡብ ቻይና ባሕር ጠብ ምክንያት የተጻፈ ስድብ አሳዩ፤ ሠራተኞቹም መንገደኛውን በእጅ ሥራ ለማስተናገድ ተገደዱ። በነሐሴ ወር 2023 ደግሞ በባግዳድ ከተማ አንድ ሰው የአደባባይ ማስታወቂያ ስክሪን ሰብሮ ገብቶ ነውረኛ ፊልም ስላሳየ ባለሥልጣኖች የከተማው የማስታወቂያ ስክሪኖች እንዲጠፉ አዘዙ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ከፋብሪካ እንደመጣ ያልተለወጠ የይለፍ ቃል፣ ወይም የገጠመው ነጋዴ ብቻ የሚያውቀው የይለፍ ቃል፣ ባለቤት የሌለው አጥር ማለት ነው።

ጥፋት የሚመጣው ግን ከጠላት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 በአሜሪካ የሃዋይ ግዛት አንድ ሠራተኛ በስሕተት ሚሳይል ወደ ደሴቶቹ እየመጣ ነው የሚል የአደጋ መልእክት ወደ ሕዝቡ ስልክ አስተላለፈ። በመንገድ ዳር ያሉት የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች ሳይቀሩ አደጋ እንደሌለ እንዲያሳውቁ ተደረገ። ቢሆንም ማረሚያው በስልኮቹ ላይ እስኪደርስ 38 ደቂቃ ፈጀ፤ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ሲዘጋጅ ማረሚያው አልተዘጋጀም ነበር። ከዚያ በኋላ መልእክቱ ሁለት ሰው ሳይስማማበት እንዳይተላለፍ ደንብ ወጣ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2018 በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል አውሮፕላን ማረፊያ ኮምፒዩተሮቹ በሰርጎ ገቦች በተጠቁ ጊዜ ስክሪኖቹ ለሁለት ቀን ያህል ጠፉ። በሐምሌ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው ድርጅት ያስተላለፈው ጉድለት ያለበት ማሻሻያ 8 ሚሊዮን ተኩል ያህል ኮምፒዩተሮችን ባቆመ ጊዜ የቤልፋስት ኢንተርናሽናል አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች የበረራውን ሰዓት በነጭ ሰሌዳ ላይ በእጃቸው ጻፉ። በሁለቱም ቦታ መንገደኛውን የረዳው በጥግ የቆመ ሰሌዳና ጥቂት ብር የሚያወጣ ማርከር ነው። ስክሪን ሲገባ ሰሌዳው ወደ መጋዘን ይውረድ የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኔ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉን በሦስት መደብ መክፈል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቋሚ ቃል ነው፤ የሚጠየቁ ሰነዶች፣ የአገልግሎት ክፍያና የመስኮት ቁጥር የመሳሰሉት ናቸው። ይህን የሚጽፈው አገልግሎቱን የሚሰጠው ክፍል፣ የሚያጸድቀውም የክፍሉ ኃላፊ መሆን አለበት። ኮሙኒኬሽን ውበቱን ያሳምር፤ አይቲ መንገዱን ይጠብቅ፤ እውነቱን የሚያውቀው ግን በመስኮቱ ያለው ነው። ሁለተኛው የዕለት ቃል ነው፤ ይህን ቅርንጫፉ ራሱ ሳያስፈቅድ ሊለውጠው ይገባል። ሦስተኛው የአስቸኳይ ቃል ነው፤ የእሳት አደጋና የአገልግሎት መቋረጥ የመሳሰለው ነው። ይህ በሁለት ሰው ስምምነት የሚተላለፍ፣ ማረሚያውም አብሮት ተጽፎ የተቀመጠ ይሁን።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቃል የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። ሶፍትዌሮቹ ለዚህ የሚሆን ቦታ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን ባዶውን ይተዋል። ቀኑ የደረሰ ቃል በራሱ ይወርዳል፤ እንዲቀጥል የፈለገ ኃላፊ ደግሞ እንደገና ያጸድቀዋል። በስክሪኑ ግርጌም «ይህ የጸደቀው በዚህ ቀን፣ በዚህ ክፍል ነው» የሚል አንድ መስመር ይጻፍ። ያቺ መስመር የጥንቱ ማኅተም ምትክ ናት።

በዚህ ላይ የእኛ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ከውጭ የሚመጡት ሶፍትዌሮች የሚቆጥሩት በፈረንጆች ቀንና በ24 ሰዓት ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይታይ» የተባለ ሠራተኛ 3 ቁጥርን ቢያስገባ ማሽኑ የሚያሳየው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ የሚያነበውም ዘበኛው ብቻ ይሆናል። የአዲስ ዓመትን መልእክት በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ቀን እንዲታይ ያዘዘም ሰው በየአራት ዓመቱ ይሳሳታል፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው በሴፕቴምበር 12 ነበርና። የጳጉሜን ቀናትም በሶፍትዌሩ መቁጠሪያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ማዕከሉ የሁለቱን አቆጣጠር ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ በጠረጴዛው ላይ ያኑር።

ሦስተኛ፣ ቃሉ የሚነበብ ይሁን። የግዕዝ ፊደል ያልተጫነበት ቦክስ በጽሑፉ ፈንታ ባዶ ሣጥኖችን ይደረድራል፤ ስለዚህ ከመሰቀሉ በፊት በዚያው ቦክስ ላይ መሞከር ያስፈልጋል። በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ማማሩ ማረጋገጫ አይሆንም። በሦስት ሜትር ርቀት ለሚቆም አንባቢ የፊደሉ ቁመት ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ይበጃል። አንድ ገጽም ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ሁለት ጊዜ ሊያነበው የሚችልበትን ያህል ይቆይ። ማንበብ ለማይችለው ሰው ደግሞ ስክሪን ብቻ አይበቃም፤ የሚጠይቀው ሰው በአጠገቡ ይኑር።

አራተኛ፣ ቅርጹን ማዕከል ይያዝ፤ ውስጡን ቅርንጫፍ ይሙላ። ዓርማው፣ ቀለሙና የፊደሉ መጠን ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆልፎ ይምጣ፤ ለቅርንጫፉ ግን የራሱ የሆነ ቦታ ይለይለት። ሁሉ ነገር ከማዕከል ብቻ ከሆነ ዛሬ 4ኛው መስኮት መዘጋቱን ለመናገር እንኳ ከዋናው ቢሮ ፈቃድ መጠበቅ ይመጣል።

አምስተኛ፣ ለዕቃውም ተገቢውን እንክብካቤ ማድረግ ነው። ለመኖሪያ ቤት የተሠራ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ በየቀኑ እንዲበራ የተሠራ አይደለም፤ አንድ ዓርማ በአንድ ቦታ ለብዙ ወር ቢታይበት ጥላው ተቀርጾ ሊቀር ይችላል። 100 ዋት ያህል የሚበላ ስክሪን ከሥራ ሰዓት ውጪ ለ14 ሰዓት ቢበራ በ200 ስክሪን በአንድ ሌሊት 280 ኪሎዋት ሰዓት በከንቱ ይነድዳል። ይህን ደግሞ ማዕከሉ በአንድ ትእዛዝ ሊያጠፋው ይችላል። ኔትወርክ ሲቋረጥም ቦክሱ ቋሚውን ቃል ያሳይ፤ እንደ ምንዛሪ ዋጋ ያለውን ተለዋዋጭ ቁጥር ግን ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ሰውሮ «እባክዎ ከመስኮቱ ይጠይቁ» ይበል። የቆየ ቁጥር ከማሳየት አለማሳየት ይሻላል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ከበዛ ስክሪኑም እንደ ፋይሉ ፊርማ ሲጠብቅ ሊያረጅ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ለእያንዳንዱ መስመር የአምስት ሰው ፊርማ የሚጠይቅ ደንብ ከደንብ አልባነት የባሰ ነው። እኔ የምለው ግን ፊርማ ይብዛ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ የታወቀ ሰው ይኑረው ነው። ኃላፊው አንድ ሰው ሲሆን ሥራው ይፈጥናል፤ ማንም በማይሆንበት ጊዜ ነው የሚዘገየው።

የበጀቱንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ስክሪኑ ሲገዛ በንብረት መዝገብ ይገባል፤ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ቢሰበር የሚጠየቅ ሰው አለው። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቃል ግን መዝገብም በጀትም የለውም። ጽሑፉን በየወሩ የሚያድስ አንድ ሠራተኛ እንዲመደብ ሲጠየቅ «ለዚህ ደግሞ ሰው ያስፈልገዋልን?» ይባላል። ብርጭቆው ቢሰበር የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ቃሉ ቢበላሽ የማይጠይቅ ከሆነ የገዛው መብራት ነው እንጂ ማስታወቂያ አይደለም።

ይህን ገጽ ከሚያነቡት ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች መካከል ብዙዎቹ ዛሬ ወይም ነገ ይህን ሥራ ይረከባሉ። «አንተ ልጅ ነህ፣ ኮምፒዩተር ታውቃለህ፣ ስክሪኑን ያዝ» መባላቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ቦክሱን ከመንካት በፊት አንድ ነገር ቢያደርጉ እመክራለሁ። ጠዋት እንደ ባለጉዳይ በስክሪኑ ፊት ቆመው የሚያሳየውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብቡ። በየመስመሩም ይህን ያለው ማን ነው? እውነት ሆኖ የሚቆየውስ እስከ መቼ ነው? ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ይጻፉ። መልስ የታጣለት ቃል በዚያው ዕለት ይውረድ። ባዶ ግድግዳ ማንንም ሽማግሌ ከገጠር ድረስ በከንቱ አይጠራም።